«በዘጠኝ ወር ልጅ ይወለዳል»

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራም የሰማሁት ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የወሬው መነሻ ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና ዘጠኝ ወር በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሶ፣ «ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ ቅያሪ የጠየቀ አንድ ተከላካይ ነው። ክለቡ የልጁን ደመወዝ በግማሽ ለመቁረጥ መወሰኑ ሳያንስ፣ ተንታኙ «በዘጠኝ ወር ልጅ ይወለዳል፤ ጉልበት እንዴት አይድንም? ያልዳነው ልቡ ነው» ብሎ ሳቀ። አቅራቢውም አብሮት ሳቀ።

ምሳሌው መልሶ የሚጥለው ተናጋሪውን ነው። በዘጠኝ ወሩ የተወለደ ልጅ በማግስቱ ቴስታ አይመታም፤ አንገቱን ለማቅናት እንኳ ወራት ይፈልጋል። «ዝላታን በሰባት ወር ተመልሶ የለም ወይ?» የሚለው የተንታኙ ማስረጃም ከዚህ አይሻልም። የማንቸስተር ዩናይትዱ አጥቂ ዝላታን ኢብራሂሞቪች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ከአንደርሌክት ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ በኅዳር መመለሱ እውነት ነው፤ ተንታኙ የዘለለው ግን በታኅሣሥ ከበርንሌይ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ ለማንቸስተር ዩናይትድ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ክለቡን መልቀቁን ነው። የባርሴሎናው አማካይ ጋቪ ደግሞ 11 ወር ታግሦ በጥቅምት 2024 ከተመለሰ በኋላ፣ በዓመቱ ያው ቀኝ ጉልበቱ እንደገና ለቀዶ ጥገና ተዳርጓል። የባርሴሎና ሐኪሞችም ያከሙት ልቡን ነበር እንበል?

«ድኗል» የሚለውን ቃል በቀላሉ የሚጠቀሙ ሰዎች ቀዶ ጥገናው ምን እንደሆነ የጠየቁ አይመስለኝም። የተበጠሰው የፊት ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ተሰፍቶ አይቀጠልም፤ በቦታው ሌላ ይተከላል። ምትኩም የሚቆረጠው ከዚያው ከታማሚው አካል፣ ከጭኑ ጀርባ አለዚያም ከጉልበቱ ሎሚ ሥር፣ ከላይና ከታች ካለው የአጥንት ቁራጭ ጋር ነው፤ አንዱን ጉዳት ለመጠገን ሌላ ቁስል ይከፈታል ማለት ነው። የተተከለው ጅማት ደም ስለሚቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደክማል፤ አዲስ የደም ሥር በቅሎለት ወደ እውነተኛ ጅማትነት እስኪጠጋ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጭኑ ነገር ነው። ያበጠና የታመመ ጉልበት የፊተኛውን የጭን ጡንቻ ያሰንፈዋል፤ ባለቤቱ ቢያዘውም አይታዘዝለትም። ጡንቻው ሲከሳ፣ ዘሎ ሲያርፍና ደረጃ ሲወርድ ይሸከምለት የነበረው ጫና ሎሚው ላይ ይወድቃል፣ ሎሚው ያማል፣ ሕመሙም ጡንቻውን መልሶ ያዳክመዋል። እንዲህ ያለ አዙሪት ውስጥ ላለ ሰው «ጨክን፣ ቻለው» ማለት ምክር ሳይሆን በቁስሉ ላይ መርገጥ ነው።

ይህን የምለው ከወረቀት ብቻ አይደለም። የእኔም ምትክ ጅማት የተወሰደው ከሎሚዬ ሥር ነው። በ10ኛው ወር የሰፈር ኳስ ጀምሬ፣ ሩጫውም እሺ ብሎኝ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ለስግደት ስንበረከክ ግን ጉልበቴ ምንጣፉን ሲነካ ምስማር ላይ ያረፈ መሰለኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው «አንተ ልጅ፣ ቆመህ ጸልይ» አሉኝ። የልቤን ነገር አልጠየቁኝም።

«ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው» የሚለው የክለቡ መልስም አያሳምንም። ምስሉ ጅማቱ በቦታው መኖሩን ያሳያል እንጂ ጭኑ ስንት ኪሎ እንደሚገፋ አይናገርም። ወደ ውድድር ለመመለስ የሚለካው ሌላ ነው፤ የታከመው እግር ጥንካሬ ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ መድረስ፣ በአንድ እግር ዘሎ ማረፍ። ዘጠኝ ወር የሚባለው ቁጥርም ቢሆን የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ እስከዚያ ድረስ በዘገዩ በእያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ የተቀመጠ ነው። «ከዚያ በፊት አትግባ» የሚል ክልከላ እንጂ «ከዚያ በኋላ አያምህም» የሚል ዋስትና ከየት መጣ?

ፍርሃት የለም አልልም፤ አለ። ግን የሚፈራው ጉልበቱ ስለነገረው ነው፣ ጉልበቱም አልዋሸም።

ደግሞስ እነዚህ ዘጠኝ ወራት እንዴት አለፉ? ሜዳ ዳር ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ዛሬም «ወጌሻ» እንለዋለን፤ ስሙ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ከቀዝቃዛ ስፕሬይ ሌላ አለመስጠታችን ነው። የዚህ ተጫዋች የፊዚዮቴራፒ ክትትል ስንት ቀን እንደነበር ከክለቡ በኩል የተነፈሰ የለም። ደመወዙን ያስቆረጠው ኮሚቴ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ይዋስና ልምምድ ሜዳ ይሂድ፤ ከሎሚው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሁለቱንም ጭን ይለካ፣ ልዩነቱንም ጽፎ ያምጣልን። ስለ ልቡ ከዚያ በኋላ እናወራለን።