ከቻርቱ በፊት ዳታቤዙ ይስተካከል

ወር ሲዘጋ በብዙ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የደሴ ጅምላ አከፋፋዮች ዘንድ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሽያጩን ከሲስተሙ ወደ ኤክሴል ያወጣል፣ ቀኑን በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀይራል፣ ይደምራል፣ ግራፍ ይሠራል። በሚቀጥለው ወር ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ይህ ሲሰለች ድርጅቱ ባለሙያ ጠርቶ እንደ ፓወር ቢአይ ያለ ቻርትና ሪፖርት የሚሠራ ፕሮግራም ያስገባል። ስክሪኑ ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አይገጥምም። ስህተቱ ያለው ከቻርቱ በፊት፣ ሠንጠረዦቹ በሚገናኙበት ቦታ ነውና ገንዘቡም ድካሙም መጀመሪያ እዚያ ላይ መዋል አለበት እላለሁ።

ከቀኑ እንጀምር። ዳታቤዝ ቀን የሚይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል። ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ፕሮግራመሩ መስከረም 1ንም እንዲሁ ቋሚ አድርጎ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይጽፈዋል። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን ተከታዩ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እንደዚያ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት እስከ ጥር ድረስ የየወሩ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ራሱ ይስተካከልና ጥፋቱን የሚያስተውል ሰው አይኖርም።

መድኃኒቱ አንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፤ ለ20 ዓመት 7,305 ረድፍ ቢሆን ነው። የፈረንጁ ቀን፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በጀት ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑ በየዓምዱ ይገባል። የደረሰኙ ቀን ሰዓት ጭምር የያዘ ከሆነ ሰዓቱ ተቆርጦ ነው ከዚህ ጋር የሚገናኘው፤ አለዚያ አይገጥምም። የወሩን ስም ብቻ ማስገባት አይበቃም፣ በጀት ዓመቱን የሚከተል ተራ ቁጥርም ያስፈልገዋል። በፊደል ተራ ከተደረደረ ከመስከረም ቀጥሎ የሚመጣው መጋቢት ነውና። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሆኖ ለውጭ ገዢ በፈረንጆች ወር ሪፖርት የሚልክ ድርጅትም ሁለቱን አቆጣጠር ከዚሁ ሠንጠረዥ ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አስኪያጅ የሚታለልበት ነገር አለ። ጳጉሜን የምትውለው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ስለሆነ ያ ሩብ ዓመት 95 ወይም 96 ቀን አለው፤ ሌሎቹ ሦስቱ 90 90 ናቸው። በየቀኑ እኩል 1 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ድርጅት በመጀመሪያው 95 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 90 ሚሊዮን ያሳያል። ቻርቱ ላይ ከ5 በመቶ በላይ መውረድ ይታይና የሽያጭ ክፍሉ ባላጠፋው ይጠየቃል። ስለዚህ ሩብ ዓመት ከሩብ ዓመት ሲነጻጸር አማካይ የቀን ሽያጭ ይቅረብ። ጳጉሜን ቻርቱ ላይ ለብቻዋ ዓምድ ከሚሰጣት ከነሐሴ ጋር ተደምራ «35 ቀን» ወይም «36 ቀን» ተብሎ ቢጻፍባት ይሻላል።

የሌሊት ፈረቃ ያለው ፋብሪካም ምርቱን በቀን ሲከፍል መጠንቀቅ አለበት። ፈረቃው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ንጋት 12 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተመረተው በሲስተሙ የማግስቱ ይሆናል። የምርት ቀኑ ከንጋት 12 ሰዓት (በኮምፒውተሩ ሰዓት ከ6) ይጀምር ከተባለ ከተመዘገበው ሰዓት ላይ 6 ሰዓት መቀነስ ነው።

ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ጆይን ላይ፣ ማለትም ሠንጠረዦችን በማገናኘቱ ላይ ነው። አንድ የ100,000 ብር ደረሰኝ እንውሰድ፤ ሦስት ዕቃ አለበት፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል። የደረሰኝ፣ የዕቃ ዝርዝርና የክፍያ ሠንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ (ዳታቤዙን በምንጠይቅበት ትእዛዝ) ሲገናኙ ሦስት በሁለት ተባዝቶ ስድስት ረድፍ ይወጣል፤ የደረሰኙ ድምር ሲደመር 600,000 ብር ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ዲስቲንክት» የሚለውን፣ ተመሳሳዩን አንዴ ብቻ የሚቆጥር ትእዛዝ ጨምሮ ሊያስተካክል ይሞክራል። ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ የተለያዩ ሁለት ደረሰኞች እኩል 40,000 ብር ከሆኑ አንዱን ይውጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ክፍያውን አስቀድሞ በደረሰኝ ቁጥር ደምሮ ለአንድ ደረሰኝ አንድ ረድፍ ማድረግ፣ የዕቃውንም እንዲሁ፣ ከዚያ ማገናኘት ነው።

ማገናኛውም ክፍያ የሌለውን ደረሰኝ የማይጥለው ሌፍት ጆይን ይሁን፣ ክፍያ ያልተገኘበት ቦታ ደግሞ በዜሮ ይተካ። ከ100,000 ላይ ነል (ምንም ያልተሞላበት ባዶ ቦታ) ሲቀነስ ውጤቱ ነል ነው፤ «ቀሪው ከዜሮ የሚበልጥ» የሚለው ማጣሪያ ያንን ረድፍ አያሳልፈውም። እናም አንዲት ሳንቲም ያልከፈለው ባለዕዳ ከዱቤ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ግማሹን የከፈለው ብቻ በየሳምንቱ ይደወልለታል።

ደንበኛን በስም መደመርም ይቅር። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለዳታቤዙ ሦስት። በቲን ቁጥር ይሰብሰብ። የማይክሮሶፍቱን ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨርን የሚጠቀሙ ደግሞ የስም ዓምዱ የአማርኛ ፊደል የሚይዘው «ኤንቫርቻር» ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ አብዛኛውን ጊዜ የአማርኛው ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዴ ከጠፋም አይመለስም።

«ሽያጭ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነም የሒሳብና የሽያጭ ክፍሎች ተቀምጠው በጽሑፍ ይስማሙ። አንዱ 15 በመቶ ቫቱን ጨምሮ 115 ሲል ሌላው 100 ይላል፤ የተሰረዘ ደረሰኝና ተመላሽ ዕቃም አለ። ስምምነቱ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ቪው (ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ ኩዌሪ) ሆኖ ይጻፍ፣ ሁሉም ሪፖርት ከዚያ ይቅዳ። የቪው ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር እስከ ሳንቲሟ ካልገጠመ ሪፖርቱ አይውጣ።

ይህ ካለቀ ቻርቱ ቀላል ነው። ባር ቻርት ከዜሮ ይነሳ፤ ፒዲኤፍ ላይ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ ከወጣ ሰርቨሩ ላይ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ይጫን።

ሪፖርት ሠሪው ማንበብ ብቻ የሚችል አካውንት ይሰጠው፤ ከባድ ኩዌሪም ካሸር ደረሰኝ በሚቆርጥበት ሰዓት በዋናው ሰርቨር ላይ አይሂድ፣ ሌሊት በተወሰደ ቅጂ ላይ ይሥራ። ኩዌሪዎቹ በአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ብቻ መቀመጣቸው ይብቃ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዘረፋ ምን እንደሚያደርግ አይተናልና፣ ቅጂው ከከተማው ውጭም ይኑር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ለተግባር ልምምድ የሚመጡትን ተማሪዎች ኤክሴል ከማስገልበጥ ይልቅ ይህን የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥና ይህን ቪው እንዲሠሩ ብንሰጣቸው፣ የሒሳብ ኃላፊው አጠገባቸው ተቀምጦ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ቢያመሳክርላቸው፣ ሥራው የጥቂት ሳምንታት ነው።