እርማት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉ ቻትጂፒቲ አይደለም

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ስላለው የስንዴ ዋግ በተነሣው ውይይት፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት ቻትጂፒቲ ነው፤ ስለዚህ በሽታን ከቅጠል ፎቶ የሚለየው መተግበሪያም ከራሱ ፈጥሮ ያወራል» የሚለው አስተያየት ሲደጋገም ስላየሁ፣ በአክብሮት ላርም። ዘርፉ ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የቼዝ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን የረታው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዚሁ ዘርፍ ሥራ ቢሆንም አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጽፍም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ቻትጂፒቲ አዲስ ጽሑፍ የሚያመነጨው ቅርንጫፍ ሥራ ነው። ቅጠል ለዪው ግን በተለምዶ አስቀድመው ከተሰጡት የበሽታ ስሞች አንዱን ይመርጣል፤ ይሳሳታል፣ ግን ከራሱ ፈጥሮ አያወራም። መፈተን የሚሻ የጫማ ፎቶ ይስጠው፦ ብዙውን ጊዜ ለጫማውም ከዝርዝሩ የበሽታ ስም ያወጣለታል፣ ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም) ግን ስለ ጫማው አንቀጽ ይጽፋል። ሁለቱን ያምታታ ገበሬ ጠቃሚውን መለያ ይጥላል፤ ወይም፣ ይህ ይብሳል፣ የመድኃኒቱን መጠን ከዕቃው ጽሑፍና ከግብርና ባለሙያው ይልቅ ከቻትቦት ይቀበላል።