ስሟ በመብራት ቢል ላይ ያልሰፈረ እናት

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቲኤስኤ፣ ሪል አይዲ (የፌዴራል መንግሥቱን መስፈርት አሟልቶ በግዛቶች የሚሰጥ መታወቂያ) ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ሳይዝ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለማንነት ማጣሪያ 45 ዶላር እንዲከፍል ሲወስን፣ ከክፍያው ይበልጥ ያናደደኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። ከ94 በመቶ በላይ የሚሆነው መንገደኛ ተገቢውን መታወቂያ ስለያዘ፣ የቀረው ሰው ወጪውን ከግብር ከፋዩ ሳይሆን ከራሱ ኪስ ይሸፍን ተባለ። የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል መኪና የማይነዱ እናቶቻችን ይገኙበታል። የሪል አይዲ ሕግ በ2005 ወጥቶ በሜይ 7 ቀን 2025 ሥራ ላይ እስኪውል 20 ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል የሚለው ክርክር ከሁሉም ይደክማል፤ በልጇ ቤት የምትኖር ሴት መቶ ዓመት ብትጠብቅም አድራሻዋን የሚያሳየው የመብራት ቢል በስሟ አይመጣምና።

እናቴን ይዤ ለሪል አይዲ ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮ የሄድኩ ዕለት የዜግነት ሰርተፊኬቷን በላስቲክ ሸፍና፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ነበር። ማንነቷ በእነዚህ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ስሟና አድራሻዋ ያለባቸው ሁለት ወረቀቶች ተጠየቁ። የመብራቱም፣ የውኃውም፣ የቤቱም ውል በእኔ ስም ነው። ልጇ ነኝ ብል ሠራተኛዋ ሁለቱን ስሞች አስተያይታ ዝምድናውን አላየችውም፤ እናቴ የምትጠራው በአባቷ ነው፣ እኔ በአባቴ፤ በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ታዲያ የት ነው የምኖረው ልበላቸው?» አለችኝ።

መኪና ያለው ሰው ይህ ችግር አይገባውም። ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው ምዝገባ፣ የባንክ ብድሩ፣ የፓርኪንግ ቅጣቱ ሳይቀር ስሙንና አድራሻውን ይዞ በየወሩ ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። መኪናው ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምለታል። የልጅ ልጆቿን ስታሳድግ የኖረች፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በሰው መኪና የምትሄድ ሴት ግን ወረቀት የሚልክላት የለም። ሳትነዳ የምትኖርን ሴት በሚነዳ ሰው ወረቀት መመዘን፣ ያውም ሰው ካላደረሳት በማትደርስበት የመንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ፓስፖርት ታውጣ የሚሉም አሉ። የመጀመሪያ ፓስፖርት 165 ዶላር ነው፤ ከቨርጂኒያ ሲያትል ለቅሶ ለመድረስ ይህን ያህል ለምን ትክፈል? የ45 ዶላሩም ማጣሪያ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ብቻ ነው። እህቷ የሞተችባት ሴት እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ከሐዘንተኛ ጋር ብትቀመጥ፣ ስትመለስ እንደገና 45 ዶላር ልትጠየቅ ነው። ሐዘን ላይ የተጣለ ቀረጥ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሐሰተኛ አድራሻ እንዳይበዛ መጠንቀቅ ተገቢ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አሻራዋን ሰጥታ፣ ቃለ መሐላ ፈጽማ ዜግነት ያገኘች ሴት ማን እንደሆነች መንግሥት ጠንቅቆ ያውቃል። የፌዴራሉ ደንብም ቢሆን አድራሻን የሚያሳዩ ሁለት ሰነዶች ይቅረቡ ይላል እንጂ የትኞቹ ይሁኑ የሚለውን ለየግዛቱ ትቶታል። ስለዚህ ግዛቶቹ እጃችን ታስሯል ሊሉ አይችሉም። ዋሽንግተን ዲሲ የቤቱ ባለቤት የራሱን ማስረጃ አያይዞ «ይህች ሰው ከእኔ ጋር ትኖራለች» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ አላት። ያንን ቅጽ እናቴ ወረፋ በጠበቀችበት መስኮት ላይም ማስቀመጥ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ እኔም ዛሬውኑ እፈርምበታለሁ።