እኔን!

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፍራንክፈርት አጠገብ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ጀርመናዊ ቤት ቁጭ ብለን የፎርሙላ ዋን መኪና ውድድርን፣ የአዘርባጃኗን የባኩን ኳሊፋይንግ እናያለን። የእሁዱን መነሻ ቦታ የሚወስነው የሰዓት ፉክክር ነው። ሹፌሩ ሻርል ሌክለር ገና 21 ዓመቱ ነው። በፌራሪ አራተኛ ውድድሩ ነው። በልምምዱ ማንም አልደረሰበትም።

የባኩ መንገድ አሮጌው ከተማ ግንብ ሥር ሲደርስ 7.6 ሜትር ድረስ ይጠባል። እዚያ ስምንተኛው መታጠፊያ ላይ ልጁ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተቆለፈበት። መኪናው አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄዶ አጥሩ ውስጥ ተሰነቀረ።

"እኔን!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን አልክ?" አለኝ ጓደኛዬ። እንዴት ብዬ ልተርጉምለት? "በወደቀው ሰው ፈንታ እኔ ልሁን ማለት ነው" አልኩት። "ለማታውቀው ሰው?" አለ።

ልጁ በሬዲዮ "ደደብ ነኝ፣ ደደብ ነኝ" ሲል ተሰማ። አንጀቴን በላው። ወር ሳይሞላ ባህሬን ላይ እየመራ ሞተሩ ከድቶት ሦስተኛ ወጥቷል። ባኩ ደግሞ ለእሱ ተራ ከተማ አይደለችም። በ2017 አባቱ በሞተ በቀናት ውስጥ እዚያው ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ፎርሙላ ቱ ተወዳድሮ አሸንፏል።

ሰበብ ቢፈልግ ሞልቶለት ነበር። ፀሐይ እየጠለቀች መንገዱ ቀዝቅዟል። የተገጠመለት በልስላሴው መካከለኛ የሆነው ጎማ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም። እዚያው መታጠፊያ ላይ ቀደም ብሎ ሌላው ሹፌር ኩቢሳም ተጋጭቷል። ልጁ ግን አንዱንም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እሁድ ከስምንተኛ ተነስቶ አምስተኛ ወጣ፤ የውድድሩን ፈጣን ዙርም እሱ ነዳ።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ልጁ ጥፋቱን ሲናገር ምን ሊመጣበት ይችላል ብሎ አልፈራም።

እኔ ፈርቻለሁ። በ19 ዓመቴ አዲስ አበባ ውስጥ የአጎቴን ኮሮላ ከግቢው በር ሳወጣ ጎኑን ፋቅሁት። "ጋሼ፣ ካቆምኩበት ስመለስ ሰው ገጭቶት አገኘሁት" አልኩት። ለምን ዋሸሁ? የአክስቴ ልጅ ከዓመት በፊት የዚያኑ መኪና ስፖኪዮ ሰብሮ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ "ስፖኪዮ" ሆነ። በሠርግም በለቅሶም ስፖኪዮ። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ መሪ አይነካም።

ጋሼ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኜ ስወድቅ "እኔን!" ብሎ ሮጦ የሚያነሳኝ እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ "እኔን" ይባልለታል። ብርጭቆ የሰበረው ግን "ማነው?" ነው የሚጠብቀው። ሁለቱም ልጅ ደንግጠዋል እኮ!

እዚህ መጋዘናችን ውስጥ አንድ ተለማማጅ ልጅ በፎርክሊፍት፣ በዕቃ ማንሻው መኪና፣ መደርደሪያ ነክቶ ዕቃ የተጫነበት ሙሉ ፓሌት ጣለ። ልጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። አለቃው መጀመሪያ "ተጎዳህ?" አለው። ውሃ ሰጠው። ቀጥሎ "ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። የአደጋ መመዝገቢያው ቅጽም የሚጠይቀው እንደዚያው ነው። የመደርደሪያው እግር ጨለማ ውስጥ እንደማይታይ የታወቀው ከልጁ አፍ ነው። በማግስቱ ቢጫ ቀለም ተቀባ፤ ልጁም እዚያው ፎርክሊፍት ላይ ተመልሶ ወጣ።

ጀርመኖቹ መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። በ2018 ጀርመን ሆክንሃይም ላይ የፎርሙላ ዋኑ ጀርመናዊ ሹፌር ፌተል በሀገሩ ሕዝብ ፊት እየመራ፣ ዝናብ ላይ ተንሸራቶ ከውድድር ወጣ። ያው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሳ ፊቱ ይጠቁራል። "እኔን" የሚል ቃል የላቸውም። ሥርዓት ግን አላቸው። እኛ ቃሉ አለን።

ቃሉ በሥራ ሲተረጎም ያየሁት ነሐሴ 2023 ቡዳፔስት፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ነው። ለተሰንበት ግደይ በዚያው ዓመት የካቲት አውስትራሊያ ባትኸርስት ላይ፣ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር እየመራች፣ መስመሩ ፊቷ እያለ ወድቃለች። ሰው ደግፎ ስላነሳት ውጤቷም ተሰርዟል። ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሲፋን ሐሰን እንዲሁ መጨረሻው ላይ ወደቀች። ጉዳፍ አንደኛ፣ ለተሰንበት ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ሦስተኛ ወጡ። አዳራችን ጭፈራ ነው። ለተሰንበት ግን ከደስታው ተነጥላ ወደ ሲፋን ሄደች፤ አጽናናቻት። ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ ተፎካካሪዋ ናት።

የዚያን ቀን ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ስልኩን እንዳነሳ በትክክለኛ ስሙ ጠራሁት።

ትንሽ ዝም አለና "ማን ልበል?" አለኝ።