የስኳር ሕመም መተግበሪያ በነጥብ ብቻ አይመዘንም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የስኳር ሕመም መከታተያ የስልክ መተግበሪያዎችን ምቹነት ለመመዘን ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ ይበቃል ማለቱ አላሳመነኝም፤ በመጠይቁ አማካይ የሚባለው ከ100 68 ነጥብ ተጠቃሚው የቱ ጋ እንደሚሳሳት አይነግረንምና። ደሴ የሚኖሩት እናቴ የኢንሱሊን ማስታወሻውን «1 ሰዓት» ብለው ሲሞሉ ጠዋት ማለታቸው ነበር፤ መተግበሪያው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ስለሆነ ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ እርሳቸውም ነግቷል ብለው መርፌውን አዘጋጅተው ደረስኩባቸው። የደም ስኳር መለኪያቸው በሚሊግራም 126 ሲያሳይ መተግበሪያው ያንኑ መጠን በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል 7 ተብሎ እንዲሞላ ይጠብቃል (ለ18 ማካፈሉን ለአዛውንት ማን ያስረዳ?)። የምግብ ዝርዝሩም ሩዝና ዳቦ እንጂ እንጀራ የለውም። ኮምቦልቻ ያሉት አክስቴ በበኩላቸው ሐኪማቸው ለረመዳን ያስተካከሉላቸውን የመድኃኒት ሰዓት ለዚያ ወር ብቻ የሚሞሉበት ቦታ አላገኙም። ስለዚህ መጠይቁ ከመሞላቱ በፊት መዛኙ ከታካሚው አጠገብ ተቀምጦ፣ «የዛሬ ጠዋቱን ስኳር መዝግቡልኝ» ብሎ፣ ሳያግዛቸው ጣታቸው የት እንደሚቆምና ምን ብለው እንደሚያጉረመርሙ ቢጽፍ ከነጥቡ ይልቅ ለሠሪዎቹ ይጠቅማል።