ግልጽ ደብዳቤ ለሠርጉ ቡና ምድጃ

ቁጥር፦ 16 አምፔር/220 ቮልት
ለክቡር የኤሌክትሪክ ምድጃ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመድረክ መብራት መስመር ላይ እንዲነሡ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጥር በመጣ ቁጥር፣ ሠርግ በሚደራረብባቸው የአዲስ አበባ አዳራሾች ያለ ቀጠሮ ስለምንገናኝ ራሴን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። የመድረክ መብራት ባለሙያ ነኝ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ መብራት የምሰቅለው፣ እያንዳንዱ እንዳይወድቅ በመጠባበቂያ ሽቦ የማስረው፣ ሁሉም ነገር ሲያምር ግን «አዳራሹ እንዴት ያምራል!» ተብሎ የሚታለፈው ሰው። ስሜ የሚነሣው ሲጨልም ብቻ ነው። ለዚህም የማመሰግነው እርስዎን ነው።

የሙሽሪት ቤተሰብ ሁሉንም አስቀድሞ ያቅዳል። የመብራቱ ቀለም ከቀሚሱ ጥልፍ ጋር እንዲስማማ ሦስት አክስቶች ተሰብስበው ይወስናሉ። ስለ እርስዎ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። በሠርጉ ዕለት መድረኩ አጠገብ፣ ለፎቶ ያምራል ተብሎ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦት ይዘረጋል፤ ከሰል አዳራሹን ያጨሳል ስለተባለ እርስዎ በፌስታል ተጠቅልለው ብቅ ይላሉ። ከዚያም ቅርብ ያለው ሶኬት ይፈለጋል። ቅርብ ያለው ሶኬት ደግሞ ሁልጊዜ የእኔ ነው።

ሶኬት ስል በአክብሮት ነው እንጂ፣ እርስዎ መሰኪያ እንኳ የለዎትም። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ቀዳዳው ውስጥ ይገቡና እንዳይወጡ በክብሪት እንጨት ይወተፋሉ። እኔ ለአንዱ ገመድ ጫፍ መሬት ላይ ቴፕ እለጥፋለሁ፣ ስም እጽፍለታለሁ፣ ሰው እንዳይረግጠው እከላከልለታለሁ፤ የእርስዎን ደኅንነት የሚጠብቁት ግን ሁለት የክብሪት እንጨቶች ናቸው።

ስለ ጤንነትዎም ሳልጠይቅ አላልፍም። ሸክላው ላይ የተጠቀለለው ሽቦዎ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉ ተጠማዞ ይቀጠላል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ሌላው ሲያረጅ ምግብ ይቀንሳል፤ እርስዎ በታመሙ ቁጥር የምግብ ፍላጎትዎ ይከፈታል። ሲገዙ 2,000 ዋት ከነበሩ፣ ማለትም በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል፣ ከስንት ቅጥያ በኋላ ዛሬ ምን እንደደረሱ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የእኔ ኤልኢዲ ፓሮች፣ ማለትም መድረኩን በቀለም የሚያለብሱት መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው 200 ዋት አይሞሉም። አንድ ጀበና ለማፍላት የአሥር መብራት ድርሻ ይበላሉ ማለት ነው።

የመስመሬ አውቶማቲክ ማቋረጫ ከ16 አምፔር በላይ አይችልም። ክፋቱ ደግሞ ጨዋ መሆኑ ነው። የእኔ መብራቶችና እርስዎ ተደምራችሁ ትንሽ ብትጫኑት ወዲያው አይቆርጥም፤ ሙቀቱ ውስጡ እስኪጠራቀም ይታገሣል። ስለዚህ እርስዎ ሲሰኩ ምንም አይሆንም። ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። የመድረክ መሪው «እነሆ ሙሽሮቻችን!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ የማቋረጫው ትዕግሥት ያልቃል።

በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሁለት ነገሮች በሕይወት ይኖራሉ። አንደኛው በባትሪ የተደገፈው መቆጣጠሪያዬ ነው፤ ትእዛዝ መስጠቱን አላቋረጠም፣ የሚታዘዝለት ግን የለም። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ኤሌክትሪክ ተቋርጦም ሽቦዎ ለጥቂት ጊዜ ቀልቶ ይቆያል። ከጥግ በኩል ያቺን ቀይ ክብ ሳይ ወንጀለኛውን መፈለግ አያስፈልገኝም።

የሙዚቃ ባለሙያው መስመሩ ሌላ ስለሆነ ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ሙሽሮቹ በጨለማ ይጨፍራሉ። የሙሽራው አጎት ወደ እኔ ይመጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ ግድቡ ተመርቆም ይጠፋል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ እኛ ያጣነው 9 አምፔር ነው።»

አይሰሙኝም። ወደ ቡናው ጥግ እሄዳለሁ።

«እትዬ፣ ይህ ሶኬት የመብራት ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን ወሰድኩብህ? አንዲት ቀዳዳ ናት የያዝኩት።»

ለዚህ መልስ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሕግ አልተማርኩም።

ማቋረጫውን ስመልስ ነገሩ ያበቃ ይመስልዎታል? ኤልኢዲዎቹ ወዲያው ይመለሳሉ። ሙቪንግ ሄዶቹ፣ ማለትም በሞተር የሚዞሩት መብራቶች፣ ግን ኃይል ባገኙ ቁጥር መነሻቸውን ለማግኘት አንገታቸውን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ያማታሉ። የክብር እንግዶች ወደ ላይ አንጋጠው «ምን ነካቸው?» ይላሉ። ውስጡ ጋዝ የታመቀበት አምፑል ያላቸው የቀድሞዎቹ ደግሞ ከነትኩሳታቸው ከጠፉ እስኪቀዘቅዙ ድረስ ቢለምኗቸው አይበሩም። የሙሽሮቹ መግቢያ የሚቀረጸው አንድ ጊዜ ነው። እነርሱ እስኪቀዘቅዙ ኬኩ ተቆርጧል።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ውለታዎን አልክድም። እኔ የብርሃኑ ጨረር እንዲታይ በማሽን ጭስ ስለቅ እንግዳው ሁሉ ያስላል፣ የአዳራሹ ኃላፊም እየሮጠ ይመጣል። ከእርስዎ ጎን ዕጣን ሲጨስ ግን ሁሉም «ወይ ሽታው!» ይላል፤ ጨረሬም በዚያው ጭስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በነጻ ነው የምጠቀምበት፤ ለዕጣኑ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ስለሆነም ከማከፋፈያው ሰሌዳ ላይ፣ ከእኔ ፌዝ (ኃይል ከሚያመጣልኝ የኤሌክትሪክ መስመር) ሌላ ከሆነ ፌዝ፣ የራስዎን መስመር በራሴ ገመድ ስቤ፣ መሰኪያም ከኪሴ ገዝቼ ላቀርብልዎ ዝግጁ ነኝ። በምላሹ የምጠይቀው ሙሽሮቹ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ አቦሉን እንዲያዘገዩልኝ ብቻ ነው። ለቶናውና ለበረካው አልከራከርም።

ከሰላምታ ጋር
የመድረክ መብራት ባለሙያው

ግልባጭ፦
— ለጀበናው
— ለሙሽራው አጎት
— ለፈንዲሻ ማሽኑ (ከእርስዎ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ሲገኝ ስለታየ፣ ለማስጠንቀቂያ)