አሁን ምን ብዬ ልደውል?

እህቶቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በእናቴ መሳቢያ ውስጥ ሦስተኛው መስመር ላይ የቆመ ደብዳቤ አለ። «እንደምን ሰነበትሽልኝ? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ነገር ግን…» ይልና ባዶ ነው። የተጻፈላት ሴት ሞታለች። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋሩ፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራ የምታለቅስ ጓደኛሞች ነበሩ። «ተጣልታችሁ ነበር?» አልኳት። «ምን ያጣላናል? ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ቤት መጣ። ከዚያ አፈርኩ» አለችኝ።

የምወቅሳችሁ በዚህች «አፈርኩ» ነው። ጠብ ቢሆን አስታራቂ ይገኝለት ነበር። እፍረት ግን ድምፅ የለውም፤ አንድ ወር ሳንደውል እንቀራለን፣ መቅረታችን ያሳፍረናል፣ እፍረቱ ዓመት ይጨምራል፣ ዓመቱ ደግሞ እፍረቱን ያከብደዋል። ለማናውቃት ሴት ፎቶግራፍ አድናቆት የምንጽፍበት ጊዜ ሞልቶን፣ ምስጢራችንን ለያዘችው ግን ጊዜ አጣን እንላለን!

ደግሞ የምንፈራው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዋ ፔጊ ሊዩ እና ባልደረቦቿ ከ5,900 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ድንገት ደኅንነቱ የተጠየቀ ሰው የሚደሰተው ጠያቂው ከሚገምተው በላይ ነው፤ አንዱ ምክንያትም ያልጠበቀው መሆኑ ነው። ለመደወል ያሳፈረን መጥፋት፣ ስንደውል ደስታውን ያበዛዋል ማለት ነው።

«ባልና ልጆች አሉኝ» የምትይ እህቴ፣ ይኑሩልሽ። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ ሴት ከወንድ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል በልጣ ትኖራለች፤ ብዙዎቻችን የመጨረሻውን ዕድሜ ያለ ባል እንገፋዋለን። ልጆቻችንም ቢወዱን በአሥራ ስድስት ዓመታችን እንዴት እንስቅ እንደነበር አላዩም። እናቴ ዛሬ የወጣትነት ወሬ ትጀምርና መሀል ላይ ስም ይጠፋባታል። «እሷ ብትኖር ታስታውሰኝ ነበር» ትላለች፤ ወሬውም እዚያው ይቀራል። ጓደኛዋ ስትሞት እናቴ ያጣችው ጓደኛ ብቻ አይደለም፤ የራሷን ልጅነት የሚያውቅላት የመጨረሻ ሰው ጭምር ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪች እና ቪክቶሪያ ሜድቬክ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደጻፉት፣ ለጊዜው የሚቆጨን ያደረግነው ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ሳናደርግ የቀረነው ያይላል። እናቴ ይህን ጥናት አላነበበችም። ደብዳቤውን ግን እያወጣች ታየዋለች።

ባሎች፣ «ከእሷ ጋር ደግሞ ምን ታወሪያለሽ?» ማለታችሁን ተዉ። ስንቷ ሴት በዚህች አንዲት ጥያቄ ስልኳን አስቀምጣለች!

እናንተም ልጆች፣ እናታችሁን ስለ ጓደኛዋ ጠይቋት። በሕይወት ካለች ቁጥሯን አፈላልጉ። ዓይኗ ከደከመ እናንተ ደውሉላት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጉላትና በሩን ዘግታችሁ ውጡ።